ቅቤ የተቀባው ጎማ

ድመቶቹ የኡሪን ሞተር ሳይክል ጎማ ይልሱ ነበር። ከሕንፃው በር ሥር ተኮልኩለው፣ አንዲት ድምፅ ሳያሰሙ፣ ተራ በተራ ይልሳሉ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ሰፈራቸው ክርያት ሞሼም ጭር ብሏል። እህቱ ያርደና ቀረብ ስትል ሸሹ። የጎማው ጠርዝ በግራም በቀኝም ያብረቀርቃል፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ሮጣ ወደ ቤት ገባች። እናቷ እጇን እየታጠበች ነበር።

«እማ፣ የወንድሜን ሞተር ምን አደረግሽው?»

«ቀስ ብለሽ አውሪ። በሕልሜ እየመጣ አስቸገረኝ። ሞተሩ ብቻውን፣ ሰው ሳይኖርበት፣ ከመታጠፊያው መጥቶ በራችን ይቆማል። ኡሪን አናትህን ቅቤ ልቀባህ ብለው ‹ይሸታል› ብሎ ሳቀብኝ። እንግዲያ ሞተሩን ቀባሁለት። እንዳትነግሪው፣ አደራ።»

«መሃሉንስ ለምን ተውሽው?»

«መሃሉማ አፈር ይነካል። ቅቤ አፈር ላይ አይጣልም።»

ያርደና ፈራች። ባለፈው ሳምንት ኡሪ ራሱ አስረድቷታል። ሞተር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መንገዱን የሚነካው የጎማው መሃል ነው። ሲታጠፍ ግን ይጋደማል፤ ያኔ አስፋልቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ጠርዙ ነው፣ ያውም የእጅ መዳፍ በማታክል ቦታ። ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ሁሉ ምንም አይሰማውም። እስከ ነስ ጺዮና መታጠፊያ ድረስ በሰላም ይሄዳል።

«እማ፣ ይጥለዋል እኮ!»

«ቅቤ ማንን ጥሎ ያውቃል?»

ኡሪ ከክፍሉ ወጣ። የኤምፒስሪውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሄልሜቱን አንጠልጥሎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ያርደና ተከትላ ሮጠች፤ ቀድማውም ከሞተሩ ፊት ቆመች።

«ያላ ያርዲ፣ ቶሎ ዞር በይ። የሥራ ሰዓት እያለፈብኝ ነው።»

«አትሄድም። ጎማው ቅቤ አለበት።»

ኡሪ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማ ዜ? ምንድነው ይሄ? ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ያርደና ቀና ብላ አየች። እናቷ መጋረጃውን ጨብጣ መስኮቱ ላይ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለች ያርደና።

«አብደሻል? ለምን?»

«እንዳትሞትብኝ።»

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ኡሪ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳሙና አምጪ።»

ያርደና ደረጃውን ወጣች። እናቷ ባልዲውን ሞልታ፣ ሳሙናውን ጨምራ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር።