አሥራ አራት ወረቀት

አሥራ አራተኛውን ወረቀት ስትዘረጋ ጩጬ የእህቷን እጅ ጽሕፈት ለየችው። ክብ ክብ ያለ፣ ፊደሎቹ ተደጋግፈው የቆሙ የሚመስሉ ጽሕፈት ነው። «አግዳሚ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?» ይላል።

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እሷ ራሷ የእህቷን ስም ነበር የጻፈችው።

የዕቃ ክፍሉ በእርጥብ ካልሲና በመታሻ ቅባት ሽታ ታፍኗል። አሰልጣኙ የኳስ ከረጢት ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶ ያሽከረክራል። የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አንድ የቆየ ልማድ አለው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ፣ ከመዝጊያው በዓል አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ የአንዲት ጓደኛቸውን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። ብዙ ድምፅ ያገኘችው «የጓደኞች ዋንጫ» የሚባለውን ትወስዳለች። አሰልጣኙ አይመርጥም። ቆጣሪዋ ሁልጊዜ በዕድሜ ትንሿ ተጫዋች ናት፤ ትንሽ ልጅ አታዳላም ይላሉ። ዘንድሮ ትንሿ የቀኝ ተከላካይዋ ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቡድኑ በሙሉ ጩጬ ይላታል።

አታዳላም መባሏን ባሰበች ቁጥር ያሳፍራታል። ወረቀቷን ስትሞላ እጇ ወደ አግዳሚ አዘንብሎ ነበር። ግን አምበሏ እህቷ ናት፤ አንድ ቤት አድገው አንድ አልጋ ይጋራሉ። ሥጋ ነውና፣ እስክሪብቶው ዞሮ የእህቷን ስም ጻፈ። እህቷ ግን ሥጋም ምንም ሳትል ለሚገባት ሰው ጽፋለች።

ቆጠራው አለቀ። ከሃያ አንዱ ወረቀት አግዳሚ አሥራ አራት፣ አምበሏ ሦስት። የቀሩት አራቱ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል።

አግዳሚ ተጠባባቂዋ በረኛ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለተቀመጠች ስሙን ለራሷ ያወጣችው እሷው ናት፤ ሌሎቹ ሳይፎግሯት ቀድማ ራሷን ፎገረች። በውድድር ጨዋታ አንዲት ደቂቃ አልተሰለፈችም። ግን የተጎዳች ልጅ ስትኖር ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛ የምትውለው እሷ ናት። የጩጬ ቁርጭምጭሚት ያበጠ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጣች በበረዶ ያሸችላት እሷ ናት። በፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ሌሎቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ እሷ ተቃራኒዎቹን ስታጠና ቆይታ፣ ለዋናዋ በረኛ «አሥር ቁጥሯ በስተግራ ነው የምትመታው፣ ቀድመሽ ውደቂ» አለቻት። በመለያ ምት አሥር ቁጥሯ መጣች፣ በስተግራ መታች፣ በረኛዋም ኳሷን አወጣቻት። ቡድኑ ዋንጫ በላ። ከጨዋታው በኋላ የመጣው ጋዜጠኛ ግን አግዳሚን ምንም አልጠየቃትም።

አሰልጣኙ ቁጥሮቹን አይቶ ጭንቅላቱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁሉንም ማስደሰት መውደዱ ነው። ነገ ዲኑ እንደሚመጡ፣ ከትልልቅ ክለቦችም ሰዎች እንደተጋበዙ ነገራት። ዋንጫውን የምታነሣዋ ልጅ ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ላይ እንደሚወጣም ጨመረላት።

«አንድ ደቂቃ ያልተጫወተች ልጅ ስናቆም እንግዶቹ ምን ይላሉ? ስንት ኳስ አዳነች ቢሉኝ ምን ልመልስ?» አለ።

«ግን ኮች፣ የተመረጠችው እኮ እሷ ናት።»

«ሁለተኛ የወጣችው እህትሽ ናት። እናታችሁም ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመጣ ነው ብላኛለች። እስቲ አስቢው፣ ማን ይጎዳል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱን ቀዳደሽ ጣይው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር።»

ጩጬ «እሺ» አለች። ምን እንድትል ይጠበቅባት እንደነበር ኋላ ብዙ አስባበታለች፤ በዚያች ሰዓት ግን የመጣላት እሱ ብቻ ነበር። ሰባቱን ወረቀት ቀዳደደች። የአግዳሚን አሥራ አራቱን ግን እጇ እንቢ አላት፤ አሰልጣኙ በሩን ሊከፍት ሲዞር ካልሲዋ ውስጥ ወሸቀቻቸው።

ውጭ፣ ቧንቧው ጋ፣ አግዳሚ ጓንቷን እያጠበች ነበር። ጩጬን ስታይ ውሃውን ዘጋች። ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነገ ከበዓሉ በኋላ በዘጠኝ ተኩሉ አውቶቡስ ትሄዳለች።

«ጩጬ፣ ስንት እንዳገኘሁ አልጠይቅሽም፣ ሼም ነው» አለች። «አንድ ነበረኝ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ጩጬ ካልሲዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ሲቆረቁራት ተሰማት። «እንዳልናገር ተብያለሁ» አለች።

አግዳሚ ዓይን ዓይኗን ስታያት ቆየችና ሳቀች። «በቃ ገባኝ። አንድ ቢኖርማ ፊትሽ ይነግረኝ ነበር።» ጓንቷን ጨምቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ጩጬ ልትጠራት አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን አሰልጣኙ ከበሩ ላይ ያያት ነበርና ዘጋችው።

በማግስቱ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እናታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ጫማ አድርጋ ተቀምጣለች። የደንብ ልብስ የምትሰፋበትን ድርጅት ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ነው የመጣችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አላየችም። «ኳስ ስታባርሩ ዕድሜ ጥሏችሁ ይሄዳል» ትላቸው ነበር፤ የአምበሏን ታኬታ አንድ ጊዜ ደብቃባት ሁለት ሳምንት ተኮራርፈዋል።

ዲኑ ተናገሩ። ረጅም ተናገሩ። ለግብ አግቢዋ ሜዳልያ ተሰጠ፤ ለዋናዋ በረኛም ተሰጠ። ከዚያ አሰልጣኙ ማይኩን ጨብጦ፣ ይህ ዋንጫ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በምስጢር የሚመርጡት እንደሆነ፣ ስለዚህም ከሁሉ እንደሚበልጥ ተናገረ። ዓይኑ አንዴም ወደ ጩጬ አልመጣም።

የአምበሏን ስም ሲጠራ እንግዶቹ አጨበጨቡ። የተጫዋቾቹ ረድፍ ግን ትንሽ ዘገየ። ጩጬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየቻቸው። እርስ በርሳቸው ገርመም ተደራረጉና ዓይናቸውን ሰበሩ። ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር እንደሆነ ገባት፤ እያንዳንዷ ለአግዳሚ የጻፍኩት ለካ እኔ ብቻ ነኝ ብላለች። ስለዚህ አንዲትም አልጠየቀችም። ከረድፉ ቀድማ ያጨበጨበችው፣ ያውም ቆማ፣ አግዳሚ ነበረች።

እህቷ ዋንጫውን ተቀብላ ስትወርድ እናታቸው ወንበር አልፋ ሄዳ አቀፈቻት። አጠገቧ ለነበረችው ሴትዮ «ልጄ ናት፣ የመጀመሪያዋ» እያለች ዕንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ጩጬ እናቷን እንዲህ ስትኮራ አይታት አታውቅም፤ ደስ ሊላት በተገባ ነበር።

እህቷን እጇን ይዛ ወንበር ወደተደረደረበት ኮሪደር አወጣቻት።

«እታለም፣ ያገኘሽው ሦስት ድምፅ ነው።»

«ምን?»

«አሥራ አራቱ የአግዳሚ ነው። አንዱን አንቺው ነሽ የጻፍሽው፣ አይቼዋለሁ። ኮች ነው የቀየረው።»

እህቷ ክው አለች። ዋንጫውን ገልብጣ ሥሩን አየችው፣ ስም የተጻፈበት ይመስል። ጩጬ እህቷን ታውቃታለች፤ ልምምድ ላይ ኳስ በእጇ ሲነካ ዳኛ ሳይኖር ራሷ «የእናንተ ነው» የምትል ልጅ ናት። አሁን ወደ አዳራሹ ተመልሳ ማይኩን ልትይዝ ነው ብላ ጠበቀች። እህቷም አንድ እርምጃ ተራመደች።

ከውስጥ የእናታቸው ሳቅ ተሰማ። አምበሏ ቆመች።

«እማዬ አሁን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለች። «አልገባኝም ነበር፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። እማዬ እኮ ናት ይቅር በይኝ ያለችው! ጓደኞችሽ እንዲህ የሚወዱሽ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አለችኝ።»

«አግዳሚ እኮ ልትሄድ ነው። ማንም አልመረጠኝም ብላ ነው የምትሄደው።»

«ስልክ አለ አይደል? ሌላ ጊዜ እንነግራታለን።»

እህቷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ገባች። የዋንጫውን ጆሮ የጨበጠችበት እጅ ነጭ ሆኖ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የዘጠኝ ተኩሉ አውቶቡስ ግን አያድርም። ጩጬ በበሩ ስንጥቅ እናቷ ዋንጫውን ለሴትዮዋ ስታስነካ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ዛሬም ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ያመጣቻቸውን ወረቀቶች አወጣችና በኋላ በር ወጣች።

አግዳሚ ከግቢው በር ውጭ፣ ማቆሚያው ጋ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ጓንቶቿ ገና ስላልደረቁ ሻንጣው እጀታ ላይ ታስረዋል። ጩጬ ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። በላብ ተጨማደው አንዳንዱ ተጣብቋል።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቁጠሪው።»

አግዳሚ የመጀመሪያውን ገለጠች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ክቡ ጽሕፈት ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አዳራሹን አየች። የማን እንደሆነ ለይታዋለች፤ ግን ከሌሎቹ ሥር ከተተችው። ጨርሳ ሁሉንም አስተካክላ ያዘች።

«ትናንት ነበር የጠየቅኩሽ» አለች።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትቆጣ ለጩጬ ይቀላት ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ከትናንት ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት የሞኝ ሥራ ስሠራ ኖርኩ እያልኩ ነው። ዛሬ ቆሜ ሳጨበጭብም እሱኑ እያሰብኩ ነበር።» ወረቀቶቹን በአውራ ጣቷ ገልበጥ ገልበጥ አደረገቻቸው። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። «የትኛው ነው ያንቺ?»

ከመሀላቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ፣ የማንም ሊሆን የሚችል አንድ ወረቀት አለ። ጩጬ ጣቷን ብትቀስርበት ማንም አያውቅባትም፤ አግዳሚም ትንሽ ቀለል ብሏት ትሄድ ነበር። ጣቷ ተንቀሳቅሶም ነበር። መልሳ ጨበጠችው።

«የኔ እዚህ ውስጥ የለም» አለች። «ለእህቴ ነው የጻፍኩት።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። አግዳሚ አየቻት፤ በፍጻሜው ቀን አሥር ቁጥሯን እንዳየቻት ረጋ ብላ አየቻት። ከዚያ ወረቀቶቹን አጥፋ በእርጥቡ የቀኝ ጓንት ውስጥ ከተተቻቸው። «እሺ ጩጬ» ብላ ሻንጣዋን አንሥታ ተሳፈረች። በመስኮት በኩል እጅ አላወዛወዘችም።

ጩጬ እናቷ ከጀርባዋ ስትጠራት ሰማች። ሰው ሁሉ ለፎቶ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተሰልፏል። ፎቶ አንሺው ከእህቷ በስተቀኝ ለእሷ ቦታ አስተርፎ እጁን ያወዛውዝላታል። እናቷ ደግሞ «ነይ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው የምንጠብቀው» ትላለች። እህቷ ብቻ አልጠራቻትም።

ጩጬ በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ሁለቴ ጠርታ ተወችው፤ ፎቶ አንሺውም ትንሽ ጠብቆ ካሜራውን አነሣ። እህቷ ዋንጫውን ከፍ አላደረገችም፣ ወደ ደረቷም አላስጠጋችውም። በስተቀኟ ያለውን ቦታ ግን ማንም ተጠግቶ አልሞላውም፤ ፎቶው እንዲያው ተነሣ።