ያልተዘጋው ቀለበት

ጀዕፈር የአሶሳ ልጅ ሆኖ ቀርከሃ መሰንጠቅ አይችልም ነበር። በልጅነቱ ለትምህርት ወጥቶ፣ ጀርመን ኬሚስትሪ ተምሮ በተመለሰበት ዓመት፣ እሱን ጨምሮ መምህራን ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ታዘዙ። ገጀራው ሲያዳልጠው ከሰፋሪዎቹ አንዷ፣ ከወሎ የመጣችው አማል፣ ሳቀች።

«መምህር፣ ቀርከሃው ምን በደለዎት?»

«አንቱታውን ተዪና አሳዪኝ።»

አሳየችው። ጎጆው ካለቀም በኋላ ከሰዓት እየመጣ ቅርጫት አብሯት ይሠራ ጀመር። አክስቷ እትዬ ዓዲላ ግን ሁልጊዜ በመካከላቸው ይቀመጣሉ፤ ያለ እሳቸው መገናኘት ነውር ነው።

አንድ ቀን ጀዕፈር ስንጥሩን ይዞ በሐሳብ ጠፋ።

«የት ሄድክ?» አለችው አማል።

«በኬሚስትሪ በዓይን የማይታዩ ቀለበቶች አሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ እንደ ልቡ ይዞራል። የሚያጣብቃቸው ነገር የለም፤ ግን አንዱ ካልተሰበረ አይለያዩም።»

«እንዴት ገቡ?»

«ሳይዘጉ ነዋ! ገና ክር ሳሉ መዳብ መሐል ገብቶ ሁለቱን አቆላልፎ ይይዛቸዋል። ጫፎቻቸው ሲገጥሙ መዳቡ ይወጣል።»

«መዳቡ እኔ ነኛ!» አሉ እትዬ ዓዲላ። «ወላሂ አልወጣም!»

ሦስቱም ሳቁ። አማል አንድ ስንጥር አጥፋ ጫፎቹን አሰረች። ጀዕፈር የራሱን በቀለበቷ ውስጥ አሳልፎ፣ ሳያስረው ቆየ።

«ጀርመን ልትመለስ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላውቅም። እዚያ ሳለሁ አሶሳ ይናፍቀኝ ነበር፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ እዚያ።»

አማል ስንጥሩን በቀስታ ሳበችው። ያለ ምንም እንቢታ ሾልኮ ወጣ።

«የኔ ተዘግቷል» አለች።

ጀዕፈር ተነሥቶ ሄደ። ብዙ ቀን አልመጣም። አማል የጀመሩትን ቅርጫት አልጨረሰችውም፤ አላፈረሰችውምም።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ረፋድ ላይ ጀዕፈር አጎቱንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ። እትዬ ዓዲላ ሰሙ፤ ብዙ ጠየቁ፤ በመጨረሻ ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹን ሲሸኙ በር ላይ ዞር ብለው፣

«በሩን ክፍት ትቼዋለሁ» አሉና ወጡ።

በመካከላቸው ባዶ በርጩማ ቀረ።

ጀዕፈር ስንጥር አነሣ፤ አማል ባቆየችው ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ጫፎቹን አጥብቆ አሰረ።

«አሁንስ ጀርመን አይናፍቅህም?»

ሊዋሻት አልፈለገም።

«ይናፍቀኛል።»

አማል የሱን ቀለበት በጣቷ ገፋችው። በሷ ቀለበት ውስጥ ዞረ፤ ዞረ፤ አልወጣም።

«ይዙር» አለች።