ግድግዳ የሚገፋው ሰውዬ

«አንተ ነህ የበላኸው! ሌላ ማን ነበር ከውስጥ?»

«እማዬ፣ አንዴ ስሚኝ…»

«እማዬ አትበለኝ! የዚያን ዕለት ጠዋት ‹ይህን ኮምፒውተር አናትህ ላይ ነው የምከሰክሰው› አላልከውም? በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ የትልቁን ልጃቸውን ኮሌታ ጨምድደው ይዘዋል። ሙላቱ እጁ በካቴና ታስሯልና ሊከላከል አልቻለም፤ የሚፈልግም አይመስልም። ሁለት ፖሊሶች የእናቲቱን ጣቶች ሊያላቅቁ ይታገላሉ። ጠቡ የተነሳው ከመርሳ ከተማ መናኸሪያ ጀርባ በምትገኘው በሙላቱ ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ ይታገሱ በቀደም በዚህች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ማጅራቱ በቴሌቪዥን ማስቀመጫው ብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኝቷል። ያገኘውም ሙላቱ ራሱ ነው።

ለምርመራው ከወልድያ የመጣችው ኢንስፔክተር መስከረም እጇን በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ይልቀቁት። የመጣሁት ለዚሁ ነው።»

«ምን ልትሠሪ ልጄ? አንዱን ቀበርኩ። ይህንንም ውሰጂልኝ፤ ዓይኑን አያሳየኝ!»

ያለው ማስረጃ ሁሉ ከእናቲቱ ጋር ይስማማል። ይህ ሰው በዛሬው ቀን ካልዳነ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ሴትዮዋም ያለ ልጅ ይቀራሉ። ሙላቱን ወደ ውስጥ አስገባችው። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ የይታገሱ አሮጌ ኮምፒውተር አለ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ለምን ተጣላችሁ?»

«ዓመት ሙሉ አንድ የድሮ ጌም ላይ ተጥዶ! ደንበኛ ሲመጣ አይነሳ፣ ምሳ ሲቀርብለት አይበላ። ለዚያውስ ቢጫወት ምን ነበረበት? አይጫወትም እኮ።»

«እንዴት አይጫወትም?»

«ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ቅንጣት ታህል ይራመድና ይቆማል። ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንደገና ቅንጣት። ሙዚቃው እንኳ ‹ጥ… ጥ… ጥ› እያለ ነው የሚውለው፤ ያሳብዳል።»

«ያን ቀን ስትገባስ?»

«ማታ ከሲሪንቃ ስመለስ ሙዚቃው ይዘፍናል። ጠራሁት፣ ዝም። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። እማዬን አሳምኚልኝ። ሌላው ይቅር፤ እሷን ብቻ።»

ከጎን ባለችው ክፍል ልብስ የምትሰፋው ናጅዋ ስትጠየቅ መቀሷን ሳታስቀምጥ መለሰች።

«ወላሂ ሰው ላይ መመስከር አልወድም። ግን ያን ቀን ሙዚቃው ሙላቱ እስኪገባ ድረስ አልተቋረጠም። የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ የይታገሱ ጓደኛ ሲራክ ሲወጣ አገኘሁት። ‹ስሚው፣ ይታገሱ ዛሬ እንዴት እንደሚጫወት!› ብሎኝ ሄደ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም። ሙላቱ ስላልነበረ ጌም ቤቱ ለደንበኛ ዝግ ነበር፤ እኔም ማሽኔን ደጅ አውጥቼ ነው የምሰፋው።»

«ይታገሱን አየሽው?»

«እሱን እንኳ አላየሁትም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ስክሪኑ ብቻ ነው የሚታየው። ደግሞ ዛሬ ምን ነካው አልኩ፤ ሰውዬው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሮጣል። ሲዘል ግድግዳ፣ ሲተኩስ ባዶ፤ ዓይኑን የታሰረ ሰው መስሎ። ኋላ ጭራሽ ቆሞ ቀረ፤ ሙዚቃው ግን እየደጋገመ ቀጠለ።»

መስከረም ሲራክን ከሞባይል ጥገና ሱቁ አስጠራችው። ዓይኑ ያበጠ፣ ጢሙን ያልተላጨ ወጣት ነው።

«ይታገሱ ምን ይሠራ እንደነበር አስረዳኝ። ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም ይላሉ።»

ሲራክ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ፊቱ ትንሽ በራ።

«ጌሙን ማንም ባልፈጠነው ፍጥነት መጨረስ ነው፤ ግን በጣት ቅልጥፍና አይደለም። ሰከንዷን ስልሳ ቦታ ይቆርጧታል። ለእያንዳንዷ ቁራጭ የሚጫኑትን ቁልፍ ይመርጣሉ። ካልሆነ ተመልሰው ሌላ ይሞክራሉ። አንዲት ዝላይ ሳምንት ትፈጃለች።»

«ጠላቶቹስ? እንዳጋጣሚ አይደል የሚመጡት?»

«አጋጣሚ ይመስላል እንጂ ዕጣው የሚወጣው ከዚያ በፊት በተጫኑት ቁልፎች ነው። ይታገሱ ዕጣውን እንደፈለገ ያስወጣው ነበር።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው እንግዲህ ፊልሙ ነው?»

«አይ፣ የቁልፎቹ ቅደም ተከተል ብቻ። ሲያጫውቱት ጌሙ ከመጀመሪያው ይነሳና ኮምፒውተሩ ራሱ እየተጫነ ይሄዳል። ሰው አያስ…»

ቃሉን ዋጠው።

«ሰው አያስፈልገውም» ብላ ጨረሰችለት። «መጀመሪያ አካባቢ አንዷ ቁራጭ ብትነካስ?»

ሲራክ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። «ኋላ ያለው ሁሉ… ይዛነፋል። ቁልፎቹ ግድግዳ ባለበት ‹ሩጥ› ይላሉ።»

መስከረም መጋረጃውን ገለጠች፤ እትዬ የሺን፣ ናጅዋንና ሙላቱን ወደ ውስጥ ጠራች። አሮጊቷ በትልቁ ልጃቸው አጠገብ መቆም ስላልፈለጉ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ሲሠራ ሙዚቃው ይቆራረጣል። ያን ቀን ግን ሳይቋረጥ ዘፈነ። እንግዲያው እየሠራ አልነበረም፤ ሲጫወት የነበረው አስቀድሞ የተቀመጠው ቅደም ተከተል ነው።»

«ራሱ አጫውቶት ይሆናላ!» አሉ እትዬ የሺ።

«ቢሆን ኖሮ ያቆመው ነበር። ናጅዋ ያየችው ሰውዬ ግድግዳ ሲገፋ ነው። የዓመት ልፋቱ እንዲያ ሲበላሽ እያየ እስከ ማታ ዝም የሚል ሰው አለ? ዝም ያለው ስለሞተ ነው። ሙላቱ ሲደርስ ሬሳው የቀዘቀዘውም ለዚህ ነው። ሙዚቃው ሲራክ ሲወጣ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የገባ የለም። ‹ስሚው› ያለሽም እሱ ነው፣ ናጅዋ። ማጫወት የሚችል ሌላ ሰው የለም፤ መጀመሪያውን መነካካት የሚችልም እንዲሁ።»

ሲራክ አልካደም። አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«መጀመሪያው ላይ አንዲት ፈጣን ዝላይ አገኘሁ። ላስደስተው ብዬ እሱ በሌለበት አስገባኋት፤ በድሮው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት፤ የድሮው ጠፋ። ቅጂ ያለው መስሎኝ ነበር። ሲያጫውተው ሰውዬው ሄዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ‹ዓመቴን በላኸው!› ብሎ አነቀኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው… ብረቱ…»

«ከዚያ እንደገና አጫወትከው።»

«በሕይወት ያለ እንዲመስል። ሙላቱን ይይዙታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከያዙትስ በኋላ?»

አንዱ ፖሊስ የሙላቱን ካቴና ፈታና የሲራክን እጅ አሰረበት።

እትዬ የሺ ግድግዳውን ለቀው ወደ ሲራክ ሄዱ። ናጅዋና መስከረም ደግፈው ወንበር ላይ ሲያስቀምጧቸው የሲራክን እጅጌ ይዘው አልለቅ አሉ።

«ሲወድቅ ምን አለ? ንገረኝ የኔ ልጅ፣ ስሜን ጠራ? ውኃ አለ?»

«ምንም አላለም፣ እትዬ።»

«አንዲት ቃል እንኳ? አስታውስ እስኪ። ይታገሱዬ እኮ ዝምተኛ አልነበረም…»

ሁሉም ዙሪያቸውን ከበው፣ አጎንብሰው ያዳምጧቸው ነበር። ሙላቱ ካቴናው ያቆሰለውን አንጓውን እያሻሸ እናቱን ከሰዎቹ ጀርባ ሆኖ ትንሽ አያቸው፤ እሳቸው አንዴም ወደ እሱ አልዞሩም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከደጃፉ ወጣ፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ሐራ ከተማ ሊነሳ ሞተሩን ያስነሳ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።