ሟች ሆኖ የተጫወተው ደራሲ

ደራሲው ከጽሕፈት ክፍሉ ወለል ላይ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርጎ ሞቷል። አብረውት የነበሩት ሰዎች ደግሞ አጨብጭበውለት ነበር።

መርማሪዋ ይህን በስልክ ሰማች። የሟቹን የወንጀል ልቦለዶች አንድም ሳይቀራት ያነበበች ናት፤ እንዴት እንደሚጽፋቸው ያወቀችው ግን ዛሬ ነው። ለካ ማንኛውንም ግድያ ከመጻፉ በፊት ቤተኞቹን ሰብስቦ ያስተውነው ኖሯል። ሟች የሚሆነው ሁልጊዜ እሱ ነው። ትንሽ ከተጋደመ በኋላ ዓይኑን ገልጦ «እሺ፣ ማነው የገደለኝ?» ይላል። ዛሬ አላለም።

ሳጅኑ በር ላይ ተቀበላት። «ነገሩ አልቋል ኢንስፔክተር። መርዙ ከብርጭቆው ነው። ውሃውን ከጆግ የቀዳው ታናሽ ወንድሙ ስለሆነ ካቴና አጥልቄበታለሁ።»

«ለሟቹ ያቀበለውስ?»

«ሚስቱ። ግን በገዛ እጇ መርዝ የምታቀብል ምን ዓይነት ጅል ናት?»

«አንተም እንደኔ ልቦለድ ታበዛለህ» አለችው፤ ነገሩ ግን አልዋጥልሽ አላት።

ጽሑፍ ሲቆርጥ ስለማይራራ «መቀስ» የሚሉት ሽማግሌ አርታኢ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ከጆጉ እርስዎም ጠጥተዋል?»

«ሦስታችንም ጠጥተናል፤ ይኸው አለን። ልጁ ሲቀዳም አጠገቡ ነበርኩ። ምንም አልጨመረም።»

«የምትተውኑት ምን ነበር?»

መቀስ ሚስቲቱን ሰረቅ አድርጎ አያት። «አዲሱን መጽሐፍ። ሕፃን ልጅ የተመረዘ ውሃ ጠጥቶ ይሞትበታል። ‹በወንጀል ልቦለድ ሕፃን አይገደልም፣ አንባቢ ይቅር አይልህም› እያለ ጀማሪዎችን የሚያስተምረው ራሱ ነበር። ይህን ሳነሳበት፣ ‹ሕግ መጽሐፉ ሲፈልግ ይጣሳል› ብሎ አፌን አስያዘኝ።»

መርማሪዋ ወንበር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ትራስ አነሳች። «ይህስ?»

«የወንድሜ ናት» አለ ታሳሪው። «አንገቱን ስለሚያመው፣ ሲጋደም እትዬ ከሥሩ ታደርግለታለች። ረስታ አታውቅም።»

«ዛሬስ?»

ወንድምየው ትራሷን አይቶ ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

መርማሪዋ ሁሉንም ሬሳው ከተነሳበት ወለል ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሚስቲቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አጎነበሰች።

«በመጽሐፍ ቢሆን፣ ብርጭቆውን ያቀበለ ሰው ንጹሕ ነው» ብላ መርማሪዋ ጀመረች። «እዚህ ቤት ይህን ሕግ የማያውቅ የለም። ከዚህ የተሻለ መደበቂያም የለም። እኔ ግን ልቦለድ አልጽፍም። ከጆጉ የጠጣችሁት ደህና ናችሁ፤ ስለዚህ መርዙ ጆጉ ውስጥ አልነበረም። ሲቀዳም አልተጨመረም። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆውን የያዘ እጅ አንድ ብቻ ነው።»

ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እሱ ሲጋደም ሁለቱ ወንዶች አጨበጨቡ። ሊነሳ ነው ብለው ነበር። እርስዎ ግን ትራሷን ከወንበሩ አላነሱም። ሬሳ አንገቱን አያመውም።»

ሚስቲቱ ቀና አለች።

«አንድ ልጅ ነበረን። ትኩሳት ወሰደብን። ጠዋት ሳገኘው እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ ነበር። አባቱ እሱን አልጽፈውም ብሎ ምሎልኝ ነበር! ትናንት እዚህ ወለል ላይ ተጋደመና፣ ‹እጁ እንዲህ ነበር ወይስ እንዲህ?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! ልጄን ሁለቴ እንዴት ልቅበረው?»

መርማሪዋ በልቦለድ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ፊቷን አዙራ ለሳጅኑ ካቴናውን ጠቆመችው።

ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ የወንድምየውን ካቴና ፈታ። ወንድምየው የቀላ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ሚስቲቱን አያት።

«እትዬ፣ እኔን ሲያስሩኝ እኮ ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

«ባይደርሱብኝም እናገር ነበር።»

«መቼ?»

ሚስቲቱ ኮቷን ደርባ፣ ማንም ሳይነካት፣ ከመርማሪዋ ፊት ፊት ወጣች።