ውታፍ

ሰውየውን የገደለው ዘይት ነው። ከሞተር ሳይክሉ ያፈሰሰው ዘይት የኋላ ጎማውን አራሰው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የታናሽ ወንድሙ ጋራዥ ሊደርስ መቶ እርምጃ ሲቀረው፣ ጎማው ኩርባው ላይ ከዳው። ሚስቱን፣ እናቱንና ገና መዳህ የጀመረች ልጁን ትቶ ሞተ።

ታናሽየው መካኒክ በዚያው ቀን አመነ። «የዘይት ማገጃዋን የጎማ ቀለበት የቀየርኩለት እኔ ነኝ። አበላሽቼ ገጠምኳት። ገደልኩት።»

መርማሪዋ ቶሎ የሚያምን ሰው አይጥማትም። ፍርድ ቤት የሚቀርበው በማግስቱ ስለነበር፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ ወደ ጋራዡ ይዛው ሄደች። የሟቹ ሚስትም ተከተለቻቸው።

«ወር ሙሉ ተኳርፈው ነበር» አለች ሚስትየው። «ቀለበቷን ቀይሮለትም ዘይቱ ወለላችን ላይ መንጠባጠቡን አልተወም። ባሌ ደንበኛ ፊት ‹መካኒክ ነህ ወይስ ዘይት አፍሳሽ?› ብሎ ቀለደበት። በቀልድ ሰው ይገደላል?»

መካኒኩ አቀረቀረ።

«ፓውደሩን አመጣሽልኝ?» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው የልጇን ፓውደር ከቦርሳዋ አወጣች። መርማሪዋ ጋራዡ ውስጥ የቆመውን የሟቹን ሞተር በቤንዚን አጥባ አደረቀችው፤ ዘይት ሞላችው፤ ፓውደሩን ነሰነሰችበትና አስነሳችው። ዘይት በነጭ ላይ መነሻውን አይደብቅም። ብዙም ሳይቆይ ከቀለበቷ ሥር ጥቁር መስመር ወረደ።

«አየሽ? የእኔ ሥራ ነው» አለ መካኒኩ፣ እፎይ ብሎ።

እፎይታው መርማሪዋን አልጣማትም። ሞተሩን አጥፍታ ጎንበስ አለች። ቀለበቷ አልተቀደደችም፤ ከውስጥ ተገፍታ ከቦታዋ ወጥታለች። መርማሪዋ እጇን ወደ አንዲት ቀጭን ቱቦ ሰደደች።

«ምን ትነካኪያለሽ? አመንኩልሽ አይደል? አንቺ የአለቆችሽ ውታፍ ነቃይ!»

ስድቡ የተለመደ ነው። ያልተለመደው፣ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ አመድ መምሰሉና ዓይኑ ቱቦዋ ጫፍ ላይ መተከሉ ነበር። መርማሪዋ ከቱቦዋ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ክር በጥፍሯ መዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። እናትየው ኮሪደሩን እየወለወሉ ነበር።

«እግርሽን ጥረጊ፣ ልጄ።»

«ሞተር ሳይክሉ እዚህ ነበር የሚያድረው፣ እማማ?»

«እዚሁ። በየቀኑ ጥቁር ዘይት። ልጅቷ ትድህበታለች እኮ! አንድ ቀን አፏ ውስጥ ከትታው አገኘኋት።»

መርማሪዋ ባልዲው አፍ ላይ የተሰጣውን አረንጓዴ ጨርቅ አየች። አንዱ ጥጉ ተቀድዷል።

አመሻሹ ላይ እናትየው፣ ሚስትየውና መካኒኩ ሳሎን ተቀመጡ። ሕፃኗ ሶፋው ላይ ተኝታለች።

«ተበላሽታ የተገጠመች ቀለበት በማግስቱ ታፈሳለች እንጂ ወር አትቆይም» አለች መርማሪዋ። «ይቺን ከውስጥ የገፋት የታፈነ ትንፋሽ ነው። ሞተር ሲሠራ ይተነፍሳል። መተንፈሻው አንዲት ቀጭን ቱቦ ናት፤ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውም ከእሷ ነበር። ምንም የማይጎዳ ጠብታ። አንድ ሰው ወተፋት።»

ከፖስታ ውስጥ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መካኒኩ ሲያዝ ከኪሱ የተገኘ ነው። ሞተር ሳይክሉን ከመንገድ ያነሳው እሱ ነበር። ውታፉን አየ፣ ጨርቁን አወቀ፣ ነቅሎ ደበቀ። ከዚያ አመነ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!» ጮኸ መካኒኩ።

«ቀስ በል፣ ልጅቷ» አሉ እናትየው፣ ሳያስቡት።

«ባሌ በሞተበት ቀን ጠዋት ወለሉ ንጹሕ ነበር» አለች ሚስትየው። ዓይኗ ውታፉ ላይ ነው። «በጣም ደስ አለው። ‹ለካ በደንብ ሠርቶልኛል፤ እኔ ነኝ የበደልኩት፣ ሄጄ እታረቀዋለሁ› ብሎኝ ወጣ።»

መካኒኩ ይህን አልሰማም ነበር። የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ።

እናትየው ጨርቁን ትኩር ብለው አዩት።

«መተንፈሻ ነው ያልሽው?»

መርማሪዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቀዳዳ መስሎኝ ነው እኮ። የሚያፈስ ነገር ይወተፋል። ጣሪያ ሲያፈስ ወትፌያለሁ፣ ባልዲ ሲያፈስ ወትፌያለሁ... መተንፈሻ ነው ያለኝ የለም።»

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ፣ እኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

መርማሪዋ የመካኒኩን ካቴና ፈታች። «አደጋ ነው፣ እማማ። መዝገቡ ይዘጋል።»

«ለመዝገብሽ ነው አደጋ፣ ልጄ» አሉ እናትየው።

ተነሱ። ውታፉን አንስተው ጨርቁን ከእንጨቱ ፈቱና፣ ጠረጴዛው ላይ የተወውን የዘይት ጠብታ ወለወሉበት። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደግመው። መርማሪዋ አልከለከለቻቸውም። መካኒኩ ሊከተላቸው ሲነሳ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

ጨርቁን በጡጫቸው ጨብጠው ወጡ። ሕፃኗ እንዳትነቃ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።