እሷ ስትቀዳው

እጀ ቀላሏ ይሏታል። መርፌዋ መግባቱ ሳይታወቅ ደሙ ተቀድቶ ስለሚያልቅ፣ ሕፃናት እንኳ ማልቀሱን ይረሱባታል። የምትሠራው በሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ፣ በዘር የሚተላለፍ የመድማት ችግር በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት አናጺ እያለከለከ ገባ። ሊፍቱ ተበላሽቶ አራቱን ፎቅ በሩጫ ወጥቶታል። ሐሙስ ቶንሲሉ በቀዶ ሕክምና ሊወጣለት ነው፤ ነስር ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያስቸግረው ግን ሐኪሙ «መጀመሪያ ደሙ ይመርመር» ብሎ ልኮታል።

«ምን አስሮጠህ ወንድሜ? መርፌ እንደሆነ አያመልጥህ!»

«እኔ እንዳላመልጥ ብዬ ነው የሮጥኩት።»

ሳቀች። ባለ ሰማያዊ ክዳኑን ቱቦ እስከ መስመሩ ስትሞላ፣ እሱ መርፌውን ትቶ ፊቷን ያይ ነበር።

ደም የሚያረጋው ፕሮቲን መጠኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ሩጫና ጭንቀት ያንን ፕሮቲን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ሮጦ የመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት አርፎ እንደገና መቀዳት አለበት። ስለዚህ ማክሰኞ ተመልሶ ሲመጣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፤ እንዳይሰለቸውም አጠገቡ ተቀመጠች።

«መጋዝ ጣትህን አግኝቶህ አያውቅም?»

«ያገኘኝ ቀንማ ወርክሾፑ ቄራ ይመስላል» አላት እየሳቀ። ግማሹ ሰዓት ሳይታወቃቸው አለፈ፤ ከዚያ ቀዳችው።

ውጤቱ ዳግመኛ ደህና ሆነ። ለባለሙያ ከሚገባው በላይ ደስ አላት።

ረቡዕ ማለዳ ወረቀቱ ላይ ልትፈርም ብዕሯን ስታነሳ፣ የአናጺው እናት ውጤቱን ሊወስዱ መጡ።

«ጤነኛ ነው ካልሽኝ ደስታውን አልችለውም፣ ልጄ» አሏት። «ግን እኔ እሱን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። እናቴም እንዲሁ ነበሩ። ወረቀቱ ይሄን ያውቃል?»

ብዕሩ እጇ ላይ ቀረ። ደሙ ጤነኛ እንዲሆን ስለተመኘችለት ብቻ፣ ነገ ቢላዋ ፊት ሳይጠነቀቁለት ልታቀርበው ነበር። በቀጥታ ወደ አለቃዋ ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸው።

«ማን ቀዳው?» አሉ አለቃዋ።

«እኔ፣ ጋሼ።»

«ሲያርፍስ አጠገቡ ማን ነበር?»

«...እኔ።»

አለቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ይጠራ፤ ሲመጣ አንቺ ዕቃ ክፍል ግቢልኝ። እኔ እቀዳዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ፤ ከትናንቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አለቃዋ እናትና ልጁን፣ እሷንም ጨምረው ጠሩ።

«እሷ ስትቀዳህ ጤነኛ፣ እኔ ስቀዳህ ሕመምተኛ! በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ደም ገጥሞኝ አያውቅም። ምንድን ነው የሚያስጨንቅህ፣ አንተ?»

አናጺው መሬት መሬት አየ። «እሷ ባለችበት ልቤ አርፎ አያውቅም፣ ጋሼ።»

እጀ ቀላሏ የምትገባበት ጠፋት። ቀድመው የሳቁት እናትየው ናቸው። «ከእኔ የወረሰው መድማቱን ብቻ ነው፤ ይሄኛው የአባቱ ነው!»

ቀዶ ሕክምናው በአንድ ሳምንት ተላለፈ። እሷ በሌለችበት የተደገመው ምርመራ የረቡዑን አረጋገጠ። አስቀድሞ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ተሰጥቶት ቶንሲሉ በሰላም ወጣለት፤ ነቅቶ ዓይኑን ሲገልጥም ያየው እሷን ነበር።

በዓመቱ ተጋቡ። አለቃዋ የባሏን ደም እንዳትቀዳ በጥብቅ ከለከሏት፤ በየዓመቱ ለክትትል ሲመጣም ራሳቸው ይቀዱት ነበር። በሰባተኛው ዓመት ግን፣ ጡረታ በወጡበት ቀን፣ «እስቲ ዛሬ አንቺ ቅጂለት» አሉ።

ግማሽ ሰዓት አስቀምጣ አሳረፈችውና ቀዳችው። መሣሪያው ወረቀቱን አወጣ፤ ጤነኛ።

አለቃዋ አንብበው ወረቀቱን አጣጠፉትና መዳፏ ላይ አኖሩት።

«ይሄ ውጤት ለሐኪም አይሆንም» አሉ። «ለአንቺ ግን ይሆናል።»