የደቡቧ ኮከብና የቅዘፋው ድምፅ

ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚሉ ሰዎች ፊት በጨዋነት ዝም እላለሁ እንጂ ቃላቸውን ተቀብዬ አላውቅም፣ ዛሬም ከአንዲት ምሽት በቀር የምቀበለው የለኝም፤ እርሷንም የምነግራችሁ ማብራሪያ ስላጣሁላት ብቻ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ 1979 ዓ.ም.፣ የካቲት ማለቂያ። ባሕር ዳር ኮሌጅ አስተምር ነበርና በአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ በደቡብ ሰማይ ግርጌ አዲስ ኮከብ በዓይን መታየት መጀመሯን ሰማሁ። አዲስ ይበሏት እንጂ አዲስ አልነበረችም፤ በጎረቤታችን ባለች ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ አንዲት ግዙፍ ኮከብ ፈንድታ ስትሞት የረጨችው ብርሃን ነው። ከባሕር ዳር ብፈልጋት ኮረብታውና የከተማው መብራት ጋረዱኝ፤ በሰሜን ዳር ካለችው ከጎርጎራ ግን ወደ ደቡብ ያለው ሁሉ ጣና ነው፣ ዓይን የሚከለክል ነገር የለም። በጀልባ ተሻገርሁ።

ኮከቧ ግን ሰበብ ነበረች። ጎርጎራ የሚኖሩት አክስቴ፣ እትዬ የሺ፣ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ደሳለኝ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ድምፁ ጠፋ፣ ከዚያ አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ «ሲወድቅ አይቼዋለሁ» ብሎ ለዘመዶቻችን ነገረ። እነርሱም በማለዳ ተሰብስበው መርዶውን ሊያረዱ ተስማሙ፣ እኔም «አንቺን ትወድሻለች፣ እንባሽም ቶሎ አይመጣም» ተብዬ፣ ቀድሜ ሄጄ ከአክስቴ ጋር አድሬ ቃሉን እንዳወጣ ተመረጥሁ።

ማታውን ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ለአንዲት ኮከብ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ ውሃ ያቋረጥሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «ለባል ቢሆን እሺ፣ በገባኝ ነበር።»

«ባልማ ባሕር ዳርም ሞልቷል፣ እትዬ።»

«ሞልቶ ነው እንዲህ የቀረሽው?»

ክር የመሰለችው ጨረቃ ጠልቃ ጨለማው ሲጠና፣ ከውሃው ጥቂት ከፍ ብላ ደብዛዛ ነጥብ ሆና አገኘኋት፣ በጣቴም አሳየኋቸው።

«ይቺ ናት? እኔ እኮ ፋኖስ የምታህል መስሎኝ!»

«ሩቅ ስለሆነች ነው። የሞተችው ከመቶ ስልሳ ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ ወሬው ገና አሁን ደረሰን።»

የተናገርሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እትዬ የሺ ነጥቧን እያዩ፣ «አርጅታ ነው የሞተችው?» አሉ።

«የለም፣ ግዙፎቹ ዕድሜ የላቸውም፤ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሱታል። ስለዚህ ከተወለዱበት የጋዝ ደመና ሳይርቁ ይሞታሉ፤ ሲፈነዱ ዙሪያቸውን ብናይ ሌሎች ኮከቦች ገና እየተወለዱ እናገኛለን።»

«ከተወለደችበት ሳትርቅ» አሉ ለራሳቸው።

በዚህ ጊዜ ነፋሱ ቀጥ አለ። ጣና እንደዚያ ሲረጋ አይቼ አላውቅም፤ ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ፣ የተቀመጥንበት ድንጋይ ራሱ በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፍ መሰለኝ፣ ከዚያችም ደብዛዛ ነጥብ ሥር ቀጭን የብርሃን ክር በውሃው ላይ ተስቦ እስከ እግራችን ደረሰ። ያን ያህል የደከመ ብርሃን በውሃ ላይ እንዲህ ሊዘረጋ አይችልም፤ እመኑኝ፣ ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ፣ ነበረ።

ቀጥሎ ቅዘፋ ተሰማ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደገና አንድ ረጅም። ታንኳ አይታይም፤ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ሲንሿሸት ብቻ ይሰማል።

እትዬ የሺ ብድግ አሉ። «ግራ እጁ ተሰብሮ በወጉ አልገጠመም፤ እንዲህ የሚቀዝፍ ሌላ ሰው በዚህ ባሕር የለም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ደሳለኝ!» ብለው ተጣሩ። ቅዘፋው ቆመ፣ ሰው ስሙን ሲሰማ ቆም እንደሚል ዓይነት፤ ከዚያም ቀጠለ፣ ኮከቧ በጭጋግ እስክትዋጥ ድረስ።

ሲነጋጋ ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የደብሩን መሪጌታ አስቀድመው በር ላይ ደረሱ። እኔም «እትዬ፣ ደሳለኝ...» ብዬ ጀመርሁ።

«ሞተ ልትይኝ ነው የመጣሽው?» አሉ። «አንቺ ውሸት አታውቂም። በእነዚህ ሰዎች ፊት ንገሪኝ፣ ማታ ሲቀዝፍ ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አልሰማሁም ብል አልቅሰው ይቀብሩታል፣ ተዝካሩን ያወጣሉ፤ ሰምቻለሁ ብል ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕሩ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ይህን እያወቅሁ፣ ጆሮዬ የሰማውን መካድ አቃተኝ።

«ሰምቻለሁ» አልሁ።

ማንም አላለቀሰም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው፣ ነጠላቸውን አንድ በአንድ ገልብጠው አስተካክለው ሄዱ። እትዬ የሺ ከመንገድ የሚመጣ ሰው ይርበዋል ብለው እሳት ሊያያይዙ ወደ ጓዳ ገቡ።

መሪጌታው ወደ ኋላ ቀርተው በለሆሳስ ጠየቁኝ፣ «ልጄ፣ ቅዘፋው ወደ ዳር የሚቀርብ ነበር ወይስ የሚርቅ? የሚቀርብ ከሆነ ይመጣል፣ የሚርቅ ከሆነ ነፍሱ ተሰናብታለች።»

«አላስተዋልሁም፣ የኔታ» አልኋቸው፣ ከጓዳ የእትዬ የሺ እንጉርጉሮ እየተሰማኝ።

አስተውዬ ነበር። የሚቀርብ ድምፅ እየጎላ ይመጣል፣ የሚርቅም እየሰለለ ይሄዳል፤ ያ ቅዘፋ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አልጎላም፣ አልሰለለምም። ቀዛፊው ሳያርፍ ይቀዝፋል፣ ካለበት ግን ፈቅ አይልም።